በእማ አይን ላይ ያለችው ነጥብ

ከበሬው አይን ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የጀመረው ከሱ ይመስለኛል።

ኅዳር መጨረሻ አካባቢ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር ዘመኑ በሰማያዊ ፌስታል ሁለት የበሬ አይን ይዞ ክፍል ገባ። በፌስታል! ከሥጋ ቤት ለምኖ ነው ያመጣው። ሴቶቹ ጮኽን፣ ወንዶቹም ጮኹ፣ ግን ወንዶቹ ወዲያው ያልጮኹ መሰሉ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ «ሰአዳ፣ ነይ ያዢ» አለኝ። ያዝኩት! ወላሂ ያዝኩት። ይቀዘቅዛል፣ ያንሸራትታል፣ ደግሞ ያየኛል።

ከዛ በምላጭ ከፊት ያለችውን፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጎበጥ ያለችውን ስስ ነገር ዙሪያዋን ቆርጦ አነሳት። «ይቺ ኮርኒያ ናት» አለ። ጣቱ ላይ ሲያስቀምጣት ጣቱ በሷ ውስጥ ይታያል! እኔ ብርሃኑን አጥፎ የሚያስገባው ሌንሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትልቁን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ውፍረቷ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር። ግማሽ! በዚያች ግማሽ ውስጥ አምስት ሽፋን አለ። መሃለኛው ሽፋን ላይ ያሉት ክሮች እንደ ሸማኔ ድር ቀጥ ብለው ስለተዘረጉ ነው ብርሃን የሚያልፈው። ደም ስር የላትም። ደም ቢኖርባት በቀይ መጋረጃ ነበር የምናየው። ስለዚህ የሚያስፈልጋትን አየር የምትወስደው ከእንባ ነው። ስትነካ ደግሞ ከቆዳ ሁሉ የበለጠ ያማታል፣ ለዚህ ነው ትንሽ አቧራ ስትገባ የምንዘለው። እኔ እንዴት እንደወደድኳት!

መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣላትና «እስከ ነገ ጠብቁ» አለን። በማግስቱ አብጣ፣ ወፍራ፣ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆናለች። ከጀርባዋ ያሉት ሴሎች በሕይወት እያሉ ቀን ከሌት ውሃ እየቀዱ ያስወጣሉ፣ እነሱ ሲሞቱ ውሃው ይገባና ትደፈርሳለች አለን። «የፎገራን የሩዝ ማሳ አስቡ። ቦዩ ከተደፈነ ማሳው ምን ይሆናል?» ሁላችንም «ባሕር!» አልን። «አዎ። እነዚያ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።»

ያን ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ኮርኒያ ኮርኒያ ስል እማ ሰልችቷት «አንቺ ልጅ፣ ይሄን በሬ አግቢውና እንረፍ» አለችኝ።

እማ ሀሚዳ ትባላለች። ወረታ ላይ ሩዝ ትነግዳለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትሠራው። መፈልፈያ የላትም፣ መኪና የላትም። ያላት አይን ነው። ገበሬው ያልተፈለፈለውን ሩዝ በጆንያ ሲያቀርብላት እጇን እስከ ክርኗ ትከትና ከሥር አንድ እፍኝ ታወጣለች። በሁለት መዳፏ ታሸዋለች፣ እፍ ትላለች፣ ገለፈቱ ይበራል፣ ከዛ የቀረውን ፍሬ ወደ ፀሐይ ይዛ አንድ በአንድ ታየዋለች። «ይሄ ማሽን ሲገባ ይሰበራል» ካለች ይሰበራል። «ይሄ ውሃ ጠጥቷል» ካለች ጠጥቷል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ራሳቸው ሲጨቃጨቁ «ሀሚዳ ትየው» ነው የሚሉት።

ቅዳሜ ቁሐር ሚካኤል የሚባል ቀበሌ ሄድን፣ ቢተው የሚባል የድሮ ደንበኛዋ አውድማ ላይ። ቢተውና እማ ሳይሰዳደቡ ተገበያይተው አያውቁም።

«ሀሚዳ፣ የዘንድሮውን ሳታሺ ጫኚ፣ ወርቅ ነው!» አላት።

«ወርቅ ከሆነ ወርቅ ቤት ውሰደው።»

«ምን ያለሽ ሴት ነሽ! ባልሽንም እንዲህ አሽተሽ ነው ያገባሽው?»

«አሽቼ ነዋ! እስኪሞት የተሰበረ ቀን የለም።»

ሁሉም ሳቀ። በሬዎቹ ሩዙ ላይ እየዞሩ ነበር፣ ነፋሱም ይነሳል ይተኛል። እማ እፍኟን አሸች፣ እፍ ስትል ነፋሱ ገለፈቱን መለሰው። «ውይ!» ብላ ግራ አይኗን ያዘች።

«አትሺው! ሴትዮ አትሺው!» አላት ቢተው።

አሸችው። በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፣ ውሃ ረጨችበት፣ «ወጣ ወጣ» አለችና በአንድ አይኗ አስር ጆንያ መርጣ ገዛች። አስሩም ምርጥ!

እሑድ ጠዋት አይኗ ቲማቲም መስሏል። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ መስኮት ስከፍት «ዝጊው ዝጊው» ትላለች። ያኔ ነው እትዬ ጥሩብርሃን የመጡት። እትዬ ጥሩብርሃን ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ ስወለድ እማን ያረሷት እሳቸው ናቸው። ዓምና የአይን ሐኪሞች በዘመቻ ሲመጡ ሞራ ተገፍፎላቸዋል። ያኔ የተሰጣቸው ጠብታ ተርፎ በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠውት ኖሮ ይዘውት መጡ።

«ሞራ ለተገፈፈበት አይን የተሰጠ ነው። ከሞራ ጋር የዋለ መድኃኒት ገለፈት ያቅተዋል?» አሉ።

እኔ ራሴ እውነታቸውን ነው አልኩ። እኛ ሰፈር መድኃኒት እንደ እርሾ ነው፤ የተረፈ አይጣልም፣ ለቸገረው ጎረቤት ይሄዳል። ማን እንዳዘዘው ማንም አይጠይቅም፣ የሚጠየቀው ማን እንደዳነበት ነው።

እማ ግን ጠንቃቃ ናት። «ሰአዳ፣ ወረቀቱን እስቲ አንብቢው» አለችኝ።

ወረቀቱ አስር ቦታ የታጠፈ፣ ፊደሉ የጉንዳን እግር የሚያክል እንግሊዝኛ ነው። አነበብኩት። ለአይን መሆኑ ገባኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ገባኝ። ከዛ በታች በደማቁ የተጻፈ አለ። «አትጠቀሙ» የሚለው ገባኝ። ከሱ ቀጥለው የመጡት አራት ረጃጅም ቃላት ግን አልገቡኝም። ሁለቱ ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል። እማ በአንድ አይኗ፣ እትዬ በተገፈፈው አይናቸው። እኔ ደግሞ የባዮሎጂዋ ሰአዳ፣ የበሬ አይን የያዘችው።

«ምን ይላል?» አለች እማ።

«ለአይን ነው ይላል። ጥሩ ነው። በቀን አራቴ።»

«አየሽ? ልጅ ማስተማር እንዲህ ነው!» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን።

እኔው ነኝ የጨመርኩላት። «ቢስሚላህ» ብዬ የታችኛውን ቆብ በጣቴ ሳብ አድርጌ ጠብ። ጠብ።

ማክሰኞ መቅላቱ ሄደ! በቃ ሄደ! ረቡዕ ሥራ ገባች። እማ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ናት ያዳነችኝ» እያለች፣ ሩዝ የምታስፈለፍልበት መፈልፈያ ሰዎች «ዶክተር ሰአዳ እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ ደስታዬ ሌላ ነበር። ክፍል ውስጥም እንዲሁ እንዲጠሩኝ ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እማ «ብዥ ብዥ ይለኛል» ስትል እንኳ «ይጠራል፣ ጠብታውን እንቀጥል» አልኳት። ቀጠልን። ስምንት ቀን።

ዘጠነኛው ቀን ሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መፈልፈያው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቢተው ሩዝ ይዞ መጥቷል። እማ እፍኟን ይዛ ወደ ፀሐይ አንጋጣ «ቢተው፣ ይሄ ውሃ ጠጥቷል። አልወስድም» ትለዋለች።

«ምን?»

«ነጣ ብሏል፣ ደፍርሷል። አይታይህም?»

ቢተው ከእጇ ላይ አንድ ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ነከሰው። ቀጭ! አለ። ደረቅ። ሁሉም ሰማው። ሌላ አንስቶ ነከሰ። ቀጭ። ከዛ ስድብ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ቢተው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሀሚዳዬ፣ ሩዙስ ደህና ነው» አላት። ቢተው በሕይወቱ ሀሚዳዬ ብሏት አያውቅም።

ቤት ወስጄ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። «እማ፣ ወደ ላይ እዪ።» መሃሉ ላይ፣ ጥቁሩ ላይ፣ ነጭ ነጥብ አለ። የሩዝ ስባሪ የምታክል። ዳር ዳሯ እንደ ላባ የተበጣጠሰ፣ ዙሪያዋ ደግሞ ደፍርሷል። አውቀዋለሁ ያንን ነጭ። ብርጭቆ ውስጥ አይቼዋለሁ።

እትዬ ጥሩብርሃን መጥተው አይተው «ሞራ ጀምሯት ነው። ሞራ እስኪበስል ይጠበቃል እንጂ በጥሬው አይነካም» አሉ።

«እትዬ፣ ሞራ ከኋላ ነው፣ ሌንሱ ላይ! ይሄ ከፊት ነው! ደግሞ ሞራ በሳምንት አይመጣም!»

«አንቺ፣ ለትልቅ ሰው አትጩሂ» አለችኝ እማ።

ወረቀቱን ይዤ በሩጫ ቲቸር ዘመኑ ቤት ሄድኩ። እነዚያን ቃላት በጣቴ አሳየሁት። አንዱ ላይ ቆመና «ማይኮቲክ። የፈንገስ፣ የሻጋታ ማለት ነው። ሻጋታ የያዘው አይን ላይ እንዳትጨምሩ ነው የሚለው» አለኝ። «ለምንድነው የጠየቅሽኝ?» አልነገርኩትም። ስለ እማ ነጥብና ስለ ገለፈቱ ብቻ ነገርኩት። «ሩዝ ነው የነካት? ከማሳ የመጣ ነገር? እንግዲያማ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ባሕር ዳር» አለኝ።

ያን ቀን መኪና አልነበረም። ማክሰኞም መንገድ ዝግ ነው ተባለ። ረቡዕ ጠዋት ሚኒባስ አገኘን፣ አስራ አንደኛው ቀን መሆኑ ነው። እማ አይኗን በሻርፕ ሸፍና አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዬ ላይ «ስሚ» አለችኝ። «ሐኪሙ ከጠየቀ ጥሩብርሃንን እንዳታነሺ። ሴትዮዋ ደግ ሠርታ ነው። ለደግነቷ ስሟን የሐኪም ወረቀት ላይ አናስጽፍላትም። ጠብታም አልጨመርንም፣ በቃ።»

«እሺ» አልኳት። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት። የእትዬ ስም ካልተነሳ የኔም አይነሳማ። ይሄን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ያየችን ሐኪም ዶክተር ንጋት ትባላለች፣ ቀጭን፣ ወጣት። እማን አገጭ የሚያስደግፍ መሣሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ ሰማያዊ መብራት ስታበራ ነጥቧ አረንጓዴ ሆና አበራች! ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እጮህ ነበር። ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር፣ አምስት ሽፋን፣ ተበልታ ጉድጓድ ሆና ታበራለች።

«ገለፈት ነው የገባው እናቴ?»

«አዎ ልጄ።»

«ምን ጨመሩበት?»

«ውሃ። ሌላ ምንም።»

ዶክተር ንጋት ከመሣሪያው ቀና አለች። «እናቴ፣ በአስራ አንድ ቀን ይሄን ያህል የተበላ አይን እንደ እሳት መቅላት ነበረበት። የእርስዎ አልቀላም። የሆነ ነገር ዝም አሰኝቶታል። የተጨመረ ነገር ካለ የምጀምረው መድኃኒት ይለያል። ተሳስቼ ከጀመርኩ ቁስሉ በስቶ ያልፍና አይኑ ይፈሳል። በድጋሚ ልጠይቅዎት፦ የጨመሩት ጠብታ አለ?»

ከጠረጴዛው ሥር የእማ እግር እግሬ ላይ ቆመ። ጫነኝ።

«የለም» አለች እማ።

ዶክተር ንጋት እስክሪብቶዋን አነሳች። ልትጽፍ ነው። «የለም» ብላ ልትጽፍ ነው። እኔ አላሰብኩም፣ ወላሂ አላሰብኩም፣ አፌ ተከፈተ። «ዴክሳሜታሶን ይላል ጠብታው! በቀን አራቴ፣ ስምንት ቀን፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ወረቀቱ ሻጋታ ላይ አትጠቀሙ ይላል፣ ያን ጊዜ ቃሉ አልገባኝም ነበር፣ ገብቶኛል ብዬ ዋሸሁ፣ ጥሩ ነው ይላል አልኳቸው፣ አይልም ነበር!»

የእማ እግር ከእግሬ ላይ ተነሳ። መነሳቱ ከመጫኑ ይብሳል።

«ጠብታውን ማን ሰጠሽ?» አለች ዶክተር ንጋት።

እማን አየኋት። ግድግዳ ታያለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኩ።

«ደህና። የማን እንደሆነ ለኔ አያስፈልገኝም፣ ምን እንደሆነ ነው የፈለግሁት።»

አይኗን አደንዝዛ ከቁስሉ ላይ በስስ ነገር ፍቃ ቁራጭ መስታወት ላይ ቀባችው። ውጤቱ ሲመጣ ክር ክር ነው፤ ሻጋታ፣ ከማሳው ጭቃና ገለፈት ላይ የሚኖረው። ዶክተር ንጋት እንዲህ አስረዳችን፦ አይን ሲቆስል ሰውነት የሚልካቸው ጠባቂዎች አሉ፣ መቅላቱም የነሱ ወሬ ነው። ኮርኒያ ደም ስር ስለሌላት እንደውም ዘግይተው ነው የሚደርሱላት። የኛ ጠብታ እነሱን አስተኛቸው። ለሞራ ቀዶ ጥገና ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እዚያ ጠላት የለማ። እዚህ ግን ጠባቂ ተኝቶ ሻጋታው ስምንት ቀን በሰላም በላ።

በሰላም! እኔ በእጄ እያስተኛሁለት።

ሆስፒታል አስተኟት። አዲሱ ጠብታ በየሰዓቱ ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ፈተናዬ አመለጠኝ፣ ቲቸር ዘመኑ ኋላ ትፈተኛለሽ ብሎ ላከብኝ። እማ አራት ቀን አላናገረችኝም። የምትለው «ሰዓቱ ደረሰ» ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ስለማልችል ስለ ሁሉም ነገር አወራለሁ፤ ስለ አልጋው፣ ስለ መስኮቱ፣ ጎን ስለተኙት ሴትዮ ሳል። እሷ ግድግዳ።

አምስተኛው ቀን ጠብታውን ልጨምር ስጎነበስ እጄን ያዘችኝ።

«እውነት አልገባሽም ነበር?»

«አልገባኝም ነበር።»

«ታዲያ አልገባኝም ማለት ያማል?»

«ሁለታችሁም አፍ አፌን ስታዩኝ…»

«እኔ ሃያ ዓመት ስነግድ ሩዝ ካልገባኝ አልገባኝም እላለሁ። ገበሬው ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ ሩዙን ያስረዳኛል።» ከዛ እጄን ለቀቀች። «በይ ጨምሪ፣ ሰዓቱ አለፈ።»

ቸኩዬ ጨመርኩ። ግማሹ ጉንጯ ላይ ወረደ። «አንድ ጠብታ ነው የተባለው» አለችኝ፣ ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቀልዷ፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ሆስፒታል በገባን በሃያኛው ቀን ዶክተር ንጋት ቁስሉ ተዘግቷል አለች። አይኑ አልፈሰሰም። «ያን ቀን ልጅዎ ባትናገር ይፈስ ነበር» አለች፣ እማ «አልሃምዱሊላህ» አለች፣ እኔን አላየችም። ከዛ ዶክተር ንጋት ጤነኛውን ቀኝ አይኗን በካርቶን ሸፍና እጇን ዘረጋችላት።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?»

«እጅ ነው።»

«ስንት ጣት?»

«እጅ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ።»

ሁለት ጣት ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ በልቤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እላለሁ።

ዶክተር ንጋት ካርቶኑን አወረደችው። ነጥቧ ጠባሳ ሆናለች። ያ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ክር ቁስል ላይ ሲሽር እንደ ድሮው አይደረደርም፣ ይወሳሰባል፣ ብርሃን አያልፍበትም። መነፅር አይጠቅምም። ምናልባት ከዓመት በኋላ ኮርኒያዋን በሌላ ሰው ኮርኒያ መተካት ይቻል ይሆናል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

«በማን?» አለች እማ።

«በሞተ ሰው። በሕይወቱ ፈቅዶ በሰጠ።»

እማ «እንግዲያ ሩዝ የሚያውቅ ሰው ይሁን» አለች። ዶክተር ንጋት ሳቀች፣ ጎን ያሉት ሴትዮም እያሳላቸው ሳቁ። እማ ግን አልሳቀችም። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ በቀኝ አይኗ ታያቸው ነበር።

ወደ ወረታ ሚኒባስ ስንሳፈር እኔ መስኮቱ ጋ ገባሁ፣ እሷ ከኔ ቀኝ ተቀመጠች፣ ከሷ ወዲያ ባዶ ነበር። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሜዳው መጣ፣ ሩዙ ታጭዶ የቀረው የአገዳው ጉቶ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ማሳ ላይ ከብት ገብቶበታል። ዘንድሮ ማን ሩዝ ያይልናል? መፈልፈያው ላይ ያሉት «ሀሚዳ ትየው» ይላሉ ወይስ ይተዋሉ? ቢተው ይሰድባታል ወይስ ሀሚዳዬ ማለቱን ይቀጥላል? ይሄን ሳስብ ድምፅ ሳላሰማ እንባዬ መጣ። እማ ፊት ለፊት ታያለች። ከዛ አንገቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ፣ እስከ ትከሻዋ ዞራ፣ አየችኝ።

«ሰአዳ።»

«አቤት።»

«ተነሽና ወዲህ በቀኜ ዙሪ። እዚያ ሆነሽ ስታለቅሺ አላይሽም።»

«አላለቅስም።»

«እሱንም አላይም።»

ተነሥቼ ዞርኩ።